ኮሎኔሉ ቀድመው ያመሰገኑበት ድምፅ

ለተከበሩ ኮሎኔል ሊያንደር ፖግ፣
በኬንታኪ ግዛት ምክር ቤት የማሎሪ አውራጃ ተመራጭ እንደራሴ፣
ሎከስት ፎርድ።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። በኦገስት የመጀመሪያው ሰኞ፣ በምርጫው ዕለት፣ ከፍርድ ቤቱ መስኮት ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ መራጭ ባርኔጣዎን ሲያነሱና ሲደፉ በመዋልዎ የቀኝ ትከሻዎን እንዳመመዎት ሰምቼ ነበርና፣ ተሽሎዎት እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ መግባት ብልግና መስሎ ታየኝ። የእመቤት ፖግም፣ የፈረሶችዎም፣ የአደን ውሾችዎም ጤንነት እንደሚያሳስበኝ ይወቁልኝ። ስለ ጢሰኞችዎ ጤንነት እርስዎን ባለመጠየቄ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እሱን ከራሳቸው ከጢሰኞቹ መስማት ይሻላል ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት እኔ የዚህች ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ ነኝ፤ ከዚያ መስኮት ፊት ለፊት ቆሜ የአውራጃችንን ምርጫ ስዘግብ ፀጉሬ ነጭቷል። ሌሎች ግዛቶች ወረቀት አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ እንደሚከቱ ሰምተናል። እኛ ግን አባቶቻችን እንዳደረጉት ወደ መስኮቱ ቀርበን፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አከራይ እየሰማ፣ አበዳሪም እየሰማ የመረጥነውን ሰው ስም ጮክ ብለን እንጠራለን። ስሙ የተጠራውም ሰው በዚያው ተቀምጦ ከሆነ ባርኔጣውን አንሥቶ ያመሰግናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተናገሩት አይመለስም። አንድ ሰው ሊናገረው የሚያፍርበትን ነገር መምረጥም የለበትም ሲሉ ያሳደጉን አባቶቻችን፣ ሰው የሰማውን እንዳልሰማ የሚያደርግ ባለሥልጣን ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም ነበር።

ስለ መመረጥዎ እንኳን ደስ ያለዎት ሳልል የዘገየሁት ቸል ብዬ ሳይሆን፣ ማንን እንኳን ደስ ያለህ ማለት እንዳለብኝ እስከ ባለፈው እሑድ ድረስ እያጣራሁ ስለነበር ነው። እሑድ ዕለት ክቡርነትዎ ራስዎ ግልጽ አደረጉልኝ። ለዚህም ምስጋናዬን በቦታው አቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ዊስኪው። ከፍርድ ቤቱ ጓሮ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር በስምዎ የቆመውን በርሜል በሕግ አልከስስም፤ ሸሪፉ እንዳስረዱኝ ሕጉ በምርጫ ቀን መሸጥን እንጂ መለገስን አይከለክልም። ያሳዘነኝ የተቀላቀለበት ውሃ ነው። ከበርሜሉ የቀዱ ሽማግሌዎች ለእርስዎ ድምፅ የሰጡት በሞቅታ ነው ብሎ የሚያማዎት ሰው ቢኖር፣ በዚያ ዊስኪ ሊሞቀው የሚችል ፍጡር በማሎሪ አውራጃ እንደሌለ ልመሰክርልዎ ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስጋናዎ ብዛት። ጠዋት ላይ ያመሰገኑት የመረጡዎትን ብቻ ነበር። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ግን ባርኔጣዎ ወደ ዓይንዎ ወረደ፣ አገጭዎም ወደ ደረትዎ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱ ጋ የሰው ኮቴ በሰሙ ቁጥር "እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጆችህን ሳምልኝ" ማለት ጀመሩ። ከቴነሲ በቅሎ ሊሸጥ የመጣ አንድ መንገደኛ ውሃ የት እንደሚገኝ ሊጠይቅ ወደ መስኮቱ ጠጋ ቢል ይህንኑ ቸሩት። ሰውየው ግራ ገብቶት ዞር ዞር ብሎ፣ "ጌታዬ፣ እኔ ልጅም የለኝ፤ በቅሎዎቼን ላጠጣ ብዬ ነው" አለ። "እነሱንም ሳምልኝ" አሉት፣ ዓይንዎን ሳይገልጡ። በዚህ ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በአውራጃችን ያልተሰጠ ነገር ሲመሰገን ያየነው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበርና ወዴት እንደሚያደርሰን አላወቅንም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ረዘም ያለ ስለሆነ ክቡርነትዎ ተመቻችተው ይቀመጡልኝ።

ኢላይሁ ስታምፐር ጢሰኛዎ ነው። ወንዙ ዳር ያለውን መሬትዎን በእኩል ያርሳል፤ ከሚያበቅለው ትምባሆ ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የእሱ ሊሆን በቃል ተስማምታችሁ ዓመታት አልፈዋል። ዝምተኛ ሰው ነው። የቤቱን ንግግር ሚስቱ ድሩሲላ ትጨርሰዋለች ይሉታል፤ እሷ ደግሞ ሴት በመሆኗ መስኮቱ ጋ ቀርባ እንድትናገር ሕጉ አይፈቅድላትም። ይህም ለክቡርነትዎ ሌላው የዕድል በረከት ነው።

ተፎካካሪዎ የጀልባ አሻጋሪው ባርናባስ ቲግ በአደባባይ የገባው ቃል አንድ ብቻ ነበር። ባለ መሬት ጢሰኛውን ከቤቱ ቢያስወጣ እንኳ፣ በማድረቂያው ቤት ከተሰቀለው ትምባሆ የጢሰኛው እኩሌታ የጢሰኛው ሆኖ እንዲቆይ የሚያዝ ሕግ እንዲወጣ አደርጋለሁ አለ። ክቡርነትዎም ገበያ መካከል ሠረገላ ላይ ቆመው ሳቁበት። "በዚህ አውራጃ ትምባሆው ተሰቅሎ ሳለ ጢሰኛውን የሚያባርር ጨካኝ ማን አለ? እስቲ ስሙን ጥሩልኝ!" ብለው ጠየቁ። ያን ዕለት የሚጠራ ስም አልተገኘም። ስሙን ፈልገው ያገኙልን ራስዎ ስለሆኑ ወደዚያ እመለሳለሁ።

በምርጫው ዕለት ከቀትር በኋላ ኢላይሁ ተራው ደረሰና ወደ መስኮቱ ቀረበ። በመስኮቱ ውስጥ የቆሙት የሚስትዎ ወንድም፣ ሸሪፍ ኦርቪል ክራብትሪ፣ እንደ ወጉ ጮክ ብለው፣ "ኢላይሁ ስታምፐር! ለእንደራሴነት ማንን ትላለህ?" አሉት። ኢላይሁ ጉሮሮውን ሲጠርግ እርስዎ ቀደሙት።

"እግዜር ይስጥልኝ ኢላይሁ፤ ልጆችህን ሳምልኝ።"

"ኧረ ገና አልተናገርኩም፣ ኮሎኔል" አለ ኢላይሁ። ከዚያም ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ በዚያ ግቢ የነበርን ሁሉ በሰማነው ድምፅ፣ "ባርናባስ ቲግ ነው የምለው" አለ።

ከዛፉ ሥር አንዱ፣ "ኮሎኔል፣ ምስጋናዎን ሳይቆሽሽ ያንሱት እንጂ!" አለ። ሌላው፣ "ተወው፣ በቅሎዎቹ ይሳሙበት" አለ። ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ። እርስዎ ያን ጊዜ ነው ዓይንዎን የገለጡት።

ድምፁን የሚመዘግበው ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ፣ "እና የቱን ልጻፍ?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ራሱ የሚገርም ነው፤ እኛ በግቢው ዳር የቆምነው የሰማነውን እሱ አፍንጫው ሥር አልሰማውምና። ከሁለቱ የምርጫ ዳኞች አንዱ የአሳማ ጭን ሊበላ ወጥቷል፤ ሁለተኛው የሸሪፉን ፊት አየ። ሸሪፉ ደግሞ የእርስዎን ፊት አዩ።

"ለኮሎኔሉ ጻፈው" አሉ ሸሪፍ ክራብትሪ።

"ቲግ እኮ ነው ያልኩት፣ ጌታዬ።"

"ኮሎኔሉ አመስግነውሃል። ሰው ከተመሰገነ በኋላ ወደ ኋላ አይልም፤ ነውር ነው። በዚህ አውራጃ ምስጋና ከተሰጠ ድምፁ ተሰጥቷል። ቀጥሎ!"

"ያልኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል" አለ ኢላይሁ፣ ወደ እኛ ዞሮ።

"በቃ ተወው ኢላይሁ" አሉት እርስዎ በአባትነት ቃና። "ሙቀት ነው። ሰው በሙቀት ይሳሳታል።"

ክቡር ሆይ፣ ይህ አዲስ ሕግ ያስደነቀኝ ድፍረቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው። በዚህ ሥርዓት ያልዘፈነ ሰው ከተጨበጨበለት ዘፍኗል፤ ያልሞተም ሰው ከተለቀሰለት ሞቷል። ግዛታችን ሲቆም ጀምሮ ሕግ አዋቂዎች በመዲናችን በፍራንክፈርት ምክር ቤት ተቀምጠው ያልደረሱበትን፣ የሚስትዎ ወንድም በአንድ የሞቀ ሰኞ ከሰዓት፣ ሕግ ሳያነቡ ደረሱበት።

ማምሻውን ሸሪፉ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ውጤቱን ሲያነቡ በአንድ ድምፅ ብልጫ ማሸነፍዎን ሰማን። በአንድ ድምፅ፣ ክቡር ሆይ። ያቺን ድምፅ ከባለቤቷ አፍ ወደ ወጣችለት ሰው ቢመልሷት አሸናፊው ማን እንደሚሆን ገና መደመርና መቀነስ የሚማሩ የከተማችን ሕፃናት ይነግሩዎታል። ቲግ በዚያ ምሽት የተናገረው ጥቂት ነው። "ሰው ሰምቷል" ብሎ ወደ ጀልባው ሄደ፤ በማግስቱም አቤቱታውን ለምክር ቤቱ ላከ።

እኔም ያየሁትን በጋዜጣዬ ጻፍኩ። ክቡርነትዎ መልስዎን ላኩልኝ፤ አንድ ቃል ሳልቀንስ አተምኩት። አንባቢ እንዳይረሳው እዚህ ልድገመው። "ኢላይሁ ስታምፐር ለእኔ ድምፁን ሰጥቷል። ታማኝ ጢሰኛዬ ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚያወሩ ሁሉ ሐሰተኞች ናቸው።" ይህ ቃልዎ ነው። ክቡርነትዎ ከቃላቸው እንደማይወጡ ሁላችንም እናምናለንና፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሎን ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ባለፈው እሑድ።

ጸሎት አብቅቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ሠረገላዎን ከደረጃው ፊት አቁመው ኢላይሁን ጠሩት። ሚስቱና ልጆቹ አብረውት ነበሩ። ሰባኪው በሩ ላይ ቆመው ምእመናንን ይሰናበቱ ነበር። እህትዎ ሚስ ፐርሚሊያ ከጎንዎ ተቀምጠው ነበር። እኔም ከደረጃው ሥር ነበርኩ፤ ሆኖም ለመስማት መቅረብ አላስፈለገኝም።

"ስማ ኢላይሁ" አሉት። "በእኔ መሬት እየኖርክ፣ በእኔ ጣራ እያደርክ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፅህን ለባርናባስ ቲግ ሰጥተህ መሳቂያ አደረግኸኝ። የማያውቀኝ ሁሉ በየመንገዱ በቅሎዎቹ እንዴት ናቸው ይለኛል። እስከ ቅዳሜ ቤቴን ልቀቅ።"

"ትምባሆውስ፣ ኮሎኔል?" አለ ኢላይሁ። "ገና መሰቀሉ ነው፤ ቅጠሉ አልደረቀም። አሁን ከወረደ ይሻግታል። እስኪደርቅ ይታገሱኝ፣ ከዚያ እወጣለሁ።"

"ትምባሆው የተሰቀለው በእኔ ማድረቂያ ቤት ነው። እዚያው ይቆያል።"

ድሩሲላ ትንሹን ልጅ ከክንዷ ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። "ጣራውስ የእርስዎ ነው" አለች። "ሲተከል፣ ሲኮተኮት፣ ሲቆረጥ የጎበጠው ወገብ ግን የእኛ ነው።"

"እንግዲያው ወገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ" አሏት።

ይህን ንግግርዎን በጋዜጣዬ ማተም ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት፤ ካላተምኩት ከሌላ ሰው የተነገረ ሊመስል ይችላልና። ዘመኔን ሙሉ ስለ ባለ መሬትና ስለ ጢሰኛ ብዙ የተጻፈ አንብቤአለሁ፤ ነገሩን በአራት ቃላት የጨረሰው ግን ከክቡርነትዎ በቀር አላገኘሁም። ቲግ በጋውን ሙሉ እየዞረ ማስረዳት ያቃተውን የሕጉን አስፈላጊነት እርስዎ ሠረገላዎ ላይ እንደተቀመጡ አስረዱን። በገበያ መካከል ስሙን ጥሩልኝ ያሉትንም ሰው ስም ከእንግዲህ ሁላችንም ልንጠራው እንችላለን።

አሁን ወደ ቃል የተገባው ምስጋና ልምጣ። ክቡርነትዎ ያመኑት ሁለት ነገር ነው። በጋዜጣዬ ላይ ኢላይሁ መርጦኛል አሉ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ደግሞ ኢላይሁ ቲግን መርጧል አሉ። እኔ ከሁለቱ አንዱን ሐሰት የማለት ድፍረት የለኝም፤ ምርጫውን ለእርስዎ እተወዋለሁ። ኢላይሁ እርስዎን መርጦ ከሆነ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ ላሸነፈ ሰው ያቺን አንዲት ድምፅ የሰጠውን ወዳጁን ከነልጆቹ ሜዳ ላይ መጣልና የዓመት ልፋቱን መቀማት ምስጋናው አይደለም፤ ቤቱንም ትምባሆውንም ይተዉለት። ቲግን መርጦ ከሆነ ደግሞ፣ በቤቱ ላይ እንደፈለጉ ያዝዙ ይሆናል፤ የፍራንክፈርቱ ወንበር ግን የጀልባ አሻጋሪው ነው፤ እሱም እዚያ ደርሶ የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ወንበሩን ይዘው ቤቱን ይልቀቁ፣ ወይም ቤቱን ይዘው ወንበሩን ይልቀቁ። የአንድ ሰው ድምፅ ለሹመት ሲሆን የእርስዎ፣ ለቅጣት ሲሆን የቲግ ሊሆን አይችልም። ወፍጮም ቢሆን አንዱን እህል ሁለቴ አይፈጭም።

ለነገሩ ምስክር እንዳይጠፋ አያስቡ። ሰባኪው በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው የሰሙትን በመሐላ ለመናገር ፈቅደዋል። እህትዎ ሚስ ፐርሚሊያንም በትሕትና ጠይቄአቸው ነበር። "እመሰክራለሁ እንጂ" አሉኝ። "ወንድሜ ሲቆጣ ምን እንዳለ ለመስማት አጠገቡ መቀመጥ አያስፈልግም፤ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ።" በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ የሰማውን ሰምቻለሁ ማለቱ እጅግ አጽናንቶኛል።

ምክር ቤቱ የቲግን አቤቱታ የሚያየው የበረዶው ክረምት ሲገባ ነው። ቅዳሜ ግን ከነገ ወዲያ ነው፤ ለስታምፐር ልጆች ክረምቱ በዚያን ዕለት ይጀምራል። ስለዚህ የአውራጃው ሰዎች፣ ከእርስዎ መራጮችም ብዙዎቹ ያሉበት፣ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ማድረቂያው ቤት ሄደው ትምባሆው እንዴት እየደረቀ እንደሆነ ለማየት ተነጋግረዋል። ጠብ የሚፈልግ የለም፤ ምሳቸውን የበቆሎ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፤ ቅጠሉ እስኪደርቅም ተራ እየገቡ ለመቀመጥ ጊዜ አላቸው። ክቡርነትዎ ቢመጡ ወንበር ይዘጋጅልዎታል። አግዳሚ ነው፤ ለምደውታል።

እኔም መልስዎን እስክሰማ ድረስ፣ ባርኔጣዬን በእጄ፣ ምስጋናዬን ግን በአፌ እንደያዝኩ፣ ያልተሰጠኝን ቀድሜ እንዳላመሰግን ከክቡርነትዎ ተምሬአለሁና፣ ለትከሻዎ ፈውስን፣ ለጆሮዎ ንቃትን፣ ለሸሪፍዎ የሕግ መጽሐፍን እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት የምቆይ የክቡርነትዎ ትሑት ጎረቤት ነኝ።

ቴዎፊለስ ብራንሰን
የሎከስት ፎርድ ጋዜጣ አዘጋጅ
ሎከስት ፎርድ፣ ኬንታኪ፣ ሴፕቴምበር 1873

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እሑድ ዕለት ፊትዎ ወደ ኢላይሁ ስለነበረ ከሠረገላዎ ኋላ በቅሎውን የሚፈታውን ሰው ሳያዩት ቀርተው ይሆናል። ባርናባስ ቲግ ነበር። ክቡርነትዎ "ድምፅህን ለባርናባስ ቲግ ሰጥተህ" ብለው ጮክ ብለው በተናገሩ ጊዜ፣ ቲግ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለና፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮሎኔል፤ ልጆችዎን ይሳሙልኝ" አለ። ሰባኪው ሰምተዋል፤ እኛም ሰምተናል። የሚስትዎ ወንድም እንደደነገጉት፣ በዚህ አውራጃ ምስጋና ከተሰጠ ድምፁ ተሰጥቷል።

ቀጥሎ።